የማያስፈልገውን ይሰርዙ

ሠላሳ አምስት ዓመት ሰውን ያየሁት በመስኮት ነው። የመዝገብ ቤት መስኮት ከደረት በላይ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ የማንም ጫማ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ፊት ግን አንዴ ካየሁ አልረሳም። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሰበታ ገበያ ስመላለስ ጢም ያወጣ ጎረምሳ "ቲቸር እታገኝ!" ብሎ ያቆመኛል፣ እኔም ከነአባቱ ከነአያቱ ጠርቼ አስደነግጠዋለሁ። ቲቸር የሚሉኝ በልማድ ነው እንጂ በዕድሜዬ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ አላውቅም። ያረጀሁት ስም ስጽፍ ነው።

ባለፈው ሰኔ ቢሮዬን ሳስረክብ፣ በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ የተማሪዎቹን ካርድ ወደ ኮምፒውተር ትገለብጥ ነበር። ጎበዝ ናት፣ ጣቷ ይፈጥናል። አንዱን ካርድ ብታዞረው ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየች። ሌላውን አዞረች፣ እዚያም አለ።

"እትዬ፣ ይኼ ምንድነው? ኮምፒውተሩ ላይ የሚገባበት ቦታ የለም እኮ። ልተወው?" አለችኝ።

 ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልነበረም። "ተይው" ብያት ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ግን በራሴ ተናደድኩ፤ ያ የእርሳስ ጽሑፍ አንዲት ልጅ ላይ የሠራሁት ጥፋት ያስተማረኝ ነገር ነው፤ ማንም ሳያውቀው መቅረት የለበትም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሱሉልታ ነው። የመንዝ ልጅ ስለሆንኩ ብርዱን አልፈራሁትም፤ የፈራሁት ቋንቋውን ነው። ያኔ የማውቀው ኦሮምኛ "አከም" የሚለውን ሰላምታ ብቻ ነበር፤ ሰው መልሶ "አከም" ሲለኝ ቀጥሎ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ እስቃለሁ። ሳቂታ ናት የሚል ስም ወጣልኝ። እንደማይገባኝ የገባቸው ኦቦ ጉደታ ብቻ ናቸው።

ኦቦ ጉደታ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን በጋ ከክረምት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን፣ ሪፖርቱን፣ የደመወዝ ዝርዝሩን ሳይቀር ተቀምጠው ይጽፋሉ፤ የልጅ ስም ሲሆን ግን ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ብድግ ይላሉ። መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋሉ። የጻፉትን ጮክ ብለው ያነባሉ። ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ በእስክሪብቶ ይደግሙታል። በመስከረም የምዝገባ ሰሞን በቀን መቶ ጊዜ ይነሡና ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ወገባቸውን ይዘው ሲነሡ አላስቻለኝም።

"ኦቦ ጉደታ፣ ለምን ተቀምጠው አይጽፉትም?"

"ቄሱም ስም የሚሰጠው ቆሞ ነው፤ ሽማግሌውም ሲመርቅ ቆሞ ነው። እኔ ማን ነኝና ቁጭ ብዬ የምጽፍ?" አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ስም የሚጠይቁት ያመጣውን ሰው አይደለም፤ ልጁን ነው። ጎንበስ ብለው በመስኮቱ እያዩት "መቃን ኬ ኤኙ?" ይሉታል፤ ስምህ ማነው ማለት ነው። አባት ወይ እናት ጣልቃ ገብተው ሊመልሱ ሲሉ እጃቸውን ያነሣሉ። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ወረቀቱ ላይ የልጁ አባት ስም ሌላ ነው፤ ልጁ ግን ደረቱን ነፍቶ የራሱንና የአያቱን ስም ተናገረ። አዛውንቱ መሬት መሬት አዩ። ኦቦ ጉደታ ልጁ የተናገረውን በካርዱ ፊት ጻፉ፤ ካርዱን ገለበጡና የወረቀቱን ስም ከጀርባው በእርሳስ አሳረፉ።

እነሱ ሲሄዱ ኦቦ ጉደታ እንዲህ አሉኝ፦ "በእኛ አገር በአጎቱ ቤት ያደገ አለ፣ በአያቱ ቤት ያደገ አለ፣ በጉዲፈቻ የገባ አለ። ልጅ የአፍ ስምና የወረቀት ስም አለው። አንዱ ለመስኮት ነው፣ አንዱ ለልጁ ነው። ዝርዝር ከማውጣትሽ በፊት ለማን እንደሆነ ጠይቂ፣ እታገኝ።"

"እሺ" አልኳቸው። ወጣት ነበርኩ፤ እሺ ማለትና መስማት አንድ ይመስለኝ ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነው፣ ታክሲው ግን ይቀርባል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ምናሴ የኦቦ ጉደታ ተቃራኒ ነበሩ። የእርሳሱን ጽሑፍ ገና ሲያዩት ላጲስ አስመጡ። "መዝገብ አንድ አፍ ነው ያለው" ይሉ ነበር። ለክፋት አልነበረም። እኔ ከመድረሴ በፊት አንዲት ተማሪ በአጎቷ ስም ሚኒስትሪ ተፈትና፣ የልደት ወረቀቷ ሌላ ስለሚል ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ዓመት አልፎባታል። እናቷ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይተዋል። ስለዚህ ስም ሁሉ እንደ ልደት ወረቀቱ ይጻፋል፣ ፊደል በፊደል ይመሳከራል፣ በአማርኛውም በላቲኑ ፊደል በቁቤውም። እኔም ለመድኩት። ከመልመድም አልፎ ወደድኩት። ከእኔ እጅ የወጣ ዝርዝር ስህተት ተገኝቶበት አያውቅም ሲባል ደስ ይለኝ ነበር፤ ተቀምጬ መጻፍም የጀመርኩት እዚያ ነው።

ቀሪውን ዘመኔን ያሳለፍኩት ሰበታ ነው፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በሚያስተምር ትምህርት ቤት። ርዕሰ መምህርታችን ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። የነጋዴ ልጅ ናቸው፣ ተግባቢ፤ ጅቡቲ ያለ ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ሄደው ከአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ወዳጅነት ፈጥረው ተመለሱ። የእኛ ልጆችና የእነሱ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ በተሰባበረች እንግሊዝኛ ደብዳቤ ተጻጻፉ። በኋላ ግብዣው መጣ፦ አሥራ ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጆች በባቡር ሄደው አንድ ሳምንት እንዲቆዩ።

ሲፈን ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ነበረች። ለማንም የማትመለስ ጠያቂ ልጅ ናት፤ "ቲቸር፣ ማኅተሙ ለምን ክብ ሆነ?" ብላ መስኮቴ ላይ ተንጠልጥላ የምትጠይቅ። ጅቡቲ ያለችው የደብዳቤ ጓደኛዋ ኢልሃም ትባላለች። ሲፈን ደብዳቤዋን ሁሉ ከታች "ሲፈን ታደሰ" ብላ፣ የመጨረሻዋን ፊደል በጅራት አስጊጣ ትፈርማለች።

አባቷ ኦቦ ታደሰ ብየዳ ቤት አለው። የመስኮቴን ብረት የበየደው እሱ ነው። ለፓስፖርት የልደት ወረቀት አምጡ የተባለ ጊዜ ሁሉም ወላጅ አምጥቶ ሲያበቃ እሱ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ በመስኮት መነጋገር አልፈለገም፣ "ልግባ?" አለኝ። ገብቶ በሩን ዘጋ።

"እትዬ እታገኝ፣ ወረቀቱ ሌላ ነው የሚለው።"

አነበብኩት። ሲፈን ግርማ ቡልቻ።

ግርማ ታናሽ ወንድሙ ነው። ከነሚስቱ በጅማ መንገድ በመኪና አደጋ ሲሞቱ ሲፈን ገና መቀመጥ ያልቻለች ሕፃን ነበረች፤ ያን ቀን ለታደሰ ሚስት ለብርቄ አደራ ሰጥተዋት ነበር የሄዱት። ከዚያ ወዲህ አባዬ ያለችው ታደሰን፣ እማዬ ያለችው ብርቄን ነው። ቀበሌ ሲኬድ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ ስለነበር ወረቀቱ በእውነተኛው አባቷ ስም ወጣ። ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረው መዝጋቢ "ሲፈን ታደሰ" ብሎ ጻፋት። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የግርማና የሚስቱ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። "አጎትሽና ሚስቱ ናቸው ነው የምንላት" አለኝ።

"ታዲያ ከመሄዷ በፊት ለምን አትነግሯትም?"

"ደስታዋን አበላሽቼ ልሸኛት? ስምንተኛን ትጨርስ ብለናል እኔና ብርቄ። ያኔ ትበስላለች። ብቻ ከእኛ አፍ ትስማው። ከቢሮ መስኮት እንዳትሰማው፣ እባክዎ።"

"በእኔ በኩል አትሰማም" አልኩት። ቃሌን ሰጠሁ።

የፈቃድ ቅጹን አቀረብኩለት። ከታች "የወላጅ / የአሳዳጊ ፊርማ፣ የማያስፈልገውን ይሰርዙ" ይላል። እስክሪብቶውን ይዞ ቀና አለ።

"የትኛውን ልሰርዝ?"

"በወረቀቱ አሳዳጊ ነዎት። ወላጅ የሚለውን ይሰርዙ።"

ሲበይድ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው፤ ያቺን አጭር መስመር ለማስመር ግን ሁለት ጊዜ ሞከረ። የመጀመሪያዋ ከወረቀቱ ወጣች።

በማግስቱ ወይዘሮ ዘይነባ ዘንድ ገብቼ እኔም ካልሄድኩ አልኳቸው። "ማኅደሩን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል" ብዬ ድርቅ አልኩ። አውሮፕላን ቀርቶ ባቡር ተሳፍሬ የማላውቅ ሴት ይህን ያህል ስለ ጉዞ ስትከራከር አይተው ስለማያውቁ ሳቁ፣ ፈቀዱም። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። የአሥራ ሁለቱን ፓስፖርት በአንድ ቦርሳ አድርጌ ቦርሳውን በአንገቴ አንጠለጠልኩ።

ፉሪ ባቡር ጣቢያ ስንደርስ ጠዋት ነው። ኦቦ ታደሰና ብርቄ ልጃቸውን ሊሸኙ ቆመዋል። ሰልፉ ፊት አንድ ሠራተኛ ፓስፖርትና ትኬት እያመሳከረ ስም ይጠራል፣ በከፍተኛ ድምፅ። ሲፈን ከፊት ሦስተኛ ናት።  ሰልፉን ጥሼ ሄጄ "ወንድሜ፣ ልጆቼን በወንበር ቁጥር ይጥሩልኝ፣ ስማቸው ይመሳሰላል፣ ይደናገራሉ" አልኩት። አየኝ፣ የአንገቴን ቦርሳ አየ፤ "አምስት!" ብሎ ጠራ። "ስድስት! ሰባት!" ሲፈን ሰባት ነበረች። እየሮጠች ገባች። ዞር ስል ኦቦ ታደሰ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ።

ድሬዳዋ አድረን በማግስቱ ድንበሩ ጋ፣ ደወሌ ደረስን። እዚያ በወንበር ቁጥር የሚባል ነገር የለም። አንዲት ወጣት የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ፉርጎው ውስጥ ገብታ ፓስፖርቶቹን ተቀበለችኝ፤ ስም እየጠራች ፊት ማየት አለባት። ልጆቹ በሙሉ ጸጥ ብለው ይጠብቃሉ። የመጀመሪያውን ጠራች። ሁለተኛውን ጠራች። ሙቀቱ ይሁን ፍርሃቱ አላውቅም፣ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

"እኔ ልጥራልሽ፣ አንቺ ፊት እዪ" አልኳትና ጎኗ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። የሲፈን ሲደርስ "ሲፈን ታደሰ" አልኩ።

ሠራተኛዋ ጣቷን ገጹ ላይ አቆመች። "ምን አሉኝ? ታደሰ? እዚህ..."

ክንዷን ያዝኩት። ያን ማድረግ እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ "ልጅቷ አታውቅም። ያሳደጓት አጎቷ ናቸው። የልደት ወረቀቱም የፈቃድ ቅጹም ይኸው" አልኳት። ሠራተኛዋ ክንዷን አስለቀቀች፣ ወረቀቶቹን ተቀብላ አነበበች፣ የተሰረዘችውን ቃል ሳይቀር አየች። ቀስ ብላ ነው ያነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ "ሲፈን የታለች?" አለች። የአባት ስም አልጨመረችም። ሲፈን እጇን አወጣች፤ ሠራተኛዋ ፊቷን አይታ አለፈች።

በወዲያኛው በኩል ያሉት ራስ ቆጥረው ማኅተም መቱልን። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ወንበሬ ላይ ዘጭ ብዬ ወላዲተ አምላክን አመሰገንኩ። ያለፈ መስሎኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ለአቀባበል አንድ ሰፊ ክፍል አዘጋጅቷል። ጠረጴዛዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ካርቶን ቆሟል፣ በአንዱ የእነሱ ልጅ ስም፣ በሌላው የእኛ ልጅ ስም፣ በትልልቅ የላቲን ፊደል፣ በዙሪያው አበባ ተስሎበት። ልጆቻቸው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የእኛዎቹ እየሮጡ ስማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ዝርዝሩን የላክሁት እኔ ነኝ። ከፓስፖርቱ ላይ ነው የገለበጥኩት። በቡራዩ ልማዴ ፊደል በፊደል ሁለት ጊዜ አመሳክሬ፣ አንድም ስህተት እንደሌለው አረጋግጬ፣ ወይዘሮ ዘይነባን አስፈርሜ ላክሁት። መስኮቱን ሁሉ ስጠብቅ የቆየሁት ሴት የሲፈንን ስም በራሴ እጅ ጽፌ ልኬባታለሁ። ስጽፈው አንዴ እንኳ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ወደ ጠረጴዛዎቹ ሮጥኩ። የቱ ጋ እንዳለ አላውቅም። አሥራ አንዱ ልጆች ተቀመጡ። ሲፈን መካከል ላይ ቆማ ቀረች። አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ አጠገቡ ኢልሃም ተቀምጣለች፣ እንባዋ መጥቷል።

መምህርታቸው ኻድራ ድሬዳዋ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ እንደ እኛው ነው። በየዋህነት፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ጠየቀችኝ። "እትዬ፣ ኢልሃም እያለቀሰች ነው። የምትጽፍላት ሲፈን ታደሰ ናት፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ሲፈን ግርማ ነው ያለው። ጓደኛዋ ቀረች እንዴ?"

"አልቀረሁም" አለች ሲፈን። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ካርቶኑን አነሣች። በከንፈሯ አነበበችው። "ቲቸር፣ ይኼ የአጎቴ ስም ነው።"

"የጽሕፈት ስህተት ነው፣ ልጄ" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

አላመነችኝም። ጠያቂ ልጅ ናት ብያለሁ። ወደ አንገቴ ቦርሳ እያየች "ፓስፖርቴን ያሳዩኝ" አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ ማንንም ሰው የራሱን ወረቀት ከልክዬ አላውቅም። እጄ ዚፑን ሲከፍት አየሁት። ሰጠኋት። ገለጠች፣ አነበበች፣ ፎቶዋን አየች፣ እንደገና አነበበች። ዘጋችና በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

"አልተሳሳቱም" አለች።

ከዚያ ሄዳ ኢልሃም አጠገብ ተቀመጠች። ኢልሃም አቀፈቻት፤ ጓደኛዋ እንደመጣች ብቻ ነው የገባት። ካርቶኑን ሲፈን በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው፣ ሳምንቱን ሙሉም ማንም አላነሣውም።

ለወይዘሮ ዘይነባ የዚያኑ ዕለት ተናገርኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲፈን በዘፈኑም በጨዋታውም ገባች፤ ሲያዩአት ደህና ናት። ምግብ ግን አልበላ አላት፣ ጥያቄም አቆመች። እኔን ያስፈራኝ ጥያቄ ማቆሟ ነው።

በአራተኛው ቀን ባሕር ዳርቻ ወሰዱን። ልጆቹ ባሕር አይተው ስለማያውቁ አበዱ። ሲፈን ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን እየነካ ቆመች። አጠገቧ ቆምኩ።

"አባዬ ያውቃል?" አለችኝ፣ ባሕሩን እያየች።

"ያውቃል።"

"እማዬስ?"

"ታውቃለች።"

"ቲቸርም ያውቃሉ። የድንበሯ ሴትዮም አውቃለች፣ ሲያንሾካሹኩ አይቻለሁ። እንግዲህ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ቃሉ ትንሽ ነበር፣ ሌላ ግን አልነበረኝም። አባቷ በመስኮት እንዳትሰማው እንደለመነኝ፣ እነሱ ራሳቸው ሊነግሯት እንዳሰቡ፣ ዝርዝሩን የላክሁት እኔ መሆኔን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። 

"ማወቄን አይንገሯቸው" አለች በመጨረሻ።

"ለምን?"

"አባዬ ማልቀስ አይችልበትም።"

ፉሪ ስንመለስ ኦቦ ታደሰ ከነሥራ ልብሱ ቆሞ ይጠብቃል። ሲፈን ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ከወትሮው ረዘም አድርጋ። እሱ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እኔን እያየ በዓይኑ ጠየቀኝ። ቆይቶ ቀረብ ብሎ "ምንም አልሰማችም?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት።

ለእሱ የሰጠሁትን ቃል አፍርሼ፣ የእሷን አደራ ለመጠበቅ ዋሸሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መስኮቴ ላይ ሰላም ባለኝ ቁጥር፣ የበየደውን ብረት ነበር የማየው እንጂ ፊቱን ደፍሬ አላየሁም።

አንድ ቅዳሜ ሱሉልታ ሄጄ ኦቦ ጉደታን ጠየቅኳቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ኮታቸው ያው ነው። ሁሉንም ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ዝርዝሩ ለማን ነበር?"

"ለልጆቹ" አልኩ። አለቀስኩ እዚያው።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። "ሀ ተኡ" አሉ፣ ይሁን እንግዲህ እንደማለት ነው። "አሁን የእሷ ነው። ጊዜው ሲደርስ ጠይቂያት። ቆመሽ ጠይቂያት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ እርሳሱ ተመለስኩ። የትምህርት ቤቱን ካርድ አንድ በአንድ፣ ልጁን እየጠራሁ፣ የአፍ ስሙን እየጠየቅኩ ከጀርባው ጻፍኩ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።

ሲፈን ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ፣ እኔም የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። ለሚኒስትሪ የሚመዘገብ ስም በኋላ አይቀየርም፤ ከልደት ወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት፣ ወላጅም መጥቶ ይፈርማል። ኦቦ ታደሰና ብርቄ አብረው መጡ። ሲፈን ከመካከላቸው ቆማለች፣ በቁመት ብርቄን አልፋታለች። እሱ ፊቱ አመድ መስሏል። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ "እትዬ፣ ዛሬ ምንድነው የሚጻፈው? እስካሁን አልነገርናትም። ነገ ዛሬ ስንል..." አለኝ።

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁና ተነሣሁ።  እርሳስ ያዝኩ።

"ሲፈን፣ መቃን ኬ ኤኙ?"

ብርቄ ልትመልስ አፏን ከፈተች። እጄን አነሣሁ።

ሲፈን አየችኝ፤ ለምን እንደቆምኩ የገባት ይመስለኛል። 

"ሲፈን ግርማ ቡልቻ።"

ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ኦቦ ታደሰ ራሱ የበየደውን ብረት ጨብጦ ቀረ። ከኋላ የተሰለፉት ወላጆች ምንም አልገባቸውም፤ አንዱ "ፈጠን በሉ እንጂ" ብሎ አጉረመረመ።

"ማነው የነገረሽ?" አላት ኦቦ ታደሰ።

"ወረቀት ላይ አነበብኩት።"

ልትከልለኝ ነው። ያን አልቻልኩም። "እኔ ነኝ፣ ኦቦ ታደሰ። ጅቡቲ ላይ። እኔ በላክሁት ዝርዝር ነው ያየችው። ምንም አልሰማችም ያልኩዎት ውሸት ነው" አልኩ።

"ሁለት ዓመት?" አለ። እኔን እያየ ጀምሮ ወደ እሷ ዞረ። "ሁለት ዓመት አውቀሽ?"

"አዎ አባዬ" አለች። "ይልቅ ፈርምልኝ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ቅጹን በብረቱ ሥር አሳለፍኩለት። ለጉዞው ፈቃድ በሰጠበት ቅጽ ላይ የነበረው "የወላጅ / የአሳዳጊ" መስመር እዚህም አለ። ያስተማርኩትን አልረሳም፤ እስክሪብቶውን ይዞ "ወላጅ" የሚለው ላይ አሳረፈ። ሲፈን እጁን ያዘችው። እስክሪብቶውን ቀስ ብላ ከጣቱ አወጣች፣ የደብተሯን ጠርዝ እንደ ማስመሪያ አስደግፋ "አሳዳጊ" የሚለውን ቃል ሰረዘችው፣ ቀጥ ባለ መስመር። እስክሪብቶውን መለሰችለት።

ፈረመ። ማልቀስ እንደማይችልበትም ያን ቀን አየሁ፤ ድምፅ አልባ ሆኖ ትከሻው ብቻ ይነቀነቃል፣ በእጁ አንጓ ዓይኑን ይጠርጋል፣ የብረት ጥላሸቱ ፊቱ ላይ ይቀራል። ብርቄና ሲፈን በሁለት በኩል ይዘውት ቆሙ።

ቅጹ ተመለሰልኝ። በሕጉ ትክክል አይደለም። ላይ የተጻፈው የአባት ስምና ታች ወላጅ ነኝ ብሎ የፈረመው ሰው አይገጥሙም፤ አቶ ምናሴ ቢያዩት ቀድደው አዲስ ያስሞሉ ነበር። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ እያወቅኩ ስህተት ያለበት ወረቀት አሳልፌ አላውቅም። ማኅተሙን አነሣሁና መታሁበት።

እነሱ ሲሄዱ የሲፈንን ካርድ አወጣሁ። በፊቱ "ሲፈን ግርማ ቡልቻ" ብዬ በእስክሪብቶ አስተካከልኩት። ገለበጥኩትና እንደቆምኩ በእርሳስ "አባቷ ታደሰ ነው" ብዬ ጻፍኩ። በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ የሚገባበት ቦታ የለም ያለችው እሱን ነው።